ሰባት ቤት ስንቆጥር በሽታውንም እንቁጠር

ዛሬ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ነው የምናወራው። ስለ አመጋገብ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፤ የዛሬው ስለ ዘር ነው።

ጎጃም ውስጥ ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። ከቢቸና እስከ ደምበጫ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሰባት ቤት ድረስ የሚዘረዝሩ አባቶችና እናቶች አሉን። እነዚሁ ሰዎች «አያትዎ በምን ሞቱ?» ሲባሉ ግን መልሳቸው «ሆዳቸውን አሟቸው» ነው። የካንሰር ስም ከቤት አይወጣም። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ «የዚያ ቤት ዘር በሽታ አለበት» ከተባለ ሴት ልጃችንን የሚጠይቅ ይጠፋል ነው ነገሩ። እኔ ግን ይህ ዝምታ ሰው እየጎዳ ነው ባይ ነኝ።

ለምን? የአንጀታችን ውስጠኛ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል። አዲስ ሴል በተፈጠረ ቁጥር ዲኤንኤ የሚባለው የዘር መልእክት ይገለበጣል። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አስቡት። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ፊደል መሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሌላ ዐይን አይቶ ያርመዋል። ሴልም የራሱ አራሚዎች አሉት። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ፖል ሞድሪች ይህ እርማት እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ አሳይቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል። አራሚው የግልበጣ ስህተትን በአንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል።

ከአራሚ ጂኖች አንዱ ተበላሽቶ የተወረሰበት ሰው ላይ ስህተቱ ሳይታረም ይከማቻል፤ ካንሰሩም ብዙ ጊዜ ከ50 ዓመት በፊት ይመጣል። ሊንች ሲንድረም ይባላል። አንጀት ብቻ ሳይሆን ማህፀንንም ያጠቃል። እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የወረሰ ሁሉ ደግሞ አይታመምም።

ይህ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው በላቦራቶሪ እንዳይመስላችሁ። በ1895 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘመዶቿ በካንሰር እንዳለቁ፣ እሷም በዚያው እንደምትሞት ለዶክተር አልድሬድ ዋርቲን ነገረችው። እንዳለችውም በማህፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን የቤተሰቧን ዘር ቆጥሮ በ1913 አሳተመ። በሽታው ስሙን ያገኘበት ሄንሪ ሊንች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያንኑ ሥራ ቀጠለ፤ ካንሰር በዘር ሊተላለፍ ይችላል ሲል ለዓመታት የሰማው ጥቂት ነበር። ጂኖቹ መገኘት የጀመሩት በ1993 ነው። እስከዚያ ድረስ ዋናው መሣሪያ ዘር መቁጠር ነበር። በዚህ ደግሞ ጎጃሜን የሚበልጥ ማን አለ?

አትደንግጡ፤ አብዛኛው የአንጀት ካንሰር በዘር የሚመጣ አይደለም። ከ100 ታማሚ ሊንች ያለበት 3 ገደማ ነው። ግን በሽታው የሩቅ አገር በሽታ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በወንዶች ላይ ቀዳሚው የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ነው። የጂን ምርመራ እኛ ጋ የዕለት ተዕለት አገልግሎት ስላልሆነ በእጃችን ያለው የቤተሰብ ታሪክ ነው።

ሐኪሞች «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚሉት መለኪያ አለ። ሦስት የቅርብ ዘመዳሞች የአንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር ካገኛቸው፣ በሁለት ተከታታይ ትውልድ ከሆነ፣ ቢያንስ አንዱ ከ50 ዓመት በታች ከታመመ፣ ሊንች ይጠረጠራል። ሦስት እስኪሞላ ግን አትጠብቁ። አባት ወይም እህት በ40 ዓመቷ ታማ ከሆነ ያ ብቻ ለሐኪም ለመንገር ይበቃል። ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

ከሰገራ ጋር ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ብሎ በቅጠልና በቅባት ወራት ማሳለፍ እዚህ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ እውነትም ኪንታሮት ይሆናል። ነገር ግን ኪንታሮት መኖሩ ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ ክብደት ከቀነሰ፣ የሰገራ ልማድ ከተለወጠ ወይም ደም ማነስ ካለ።

ሊንች ላለበት ሰው ከ20 እስከ 25 ዓመቱ ጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ ይመከራል። ካንሰር ሊሆን የሚችለው እብጠት ገና ትንሽ ሳለ ተቆርጦ ይወጣል። አዎ፣ ውድ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ነው ማን መሄድ እንዳለበት ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው።

ለጋብቻ ለሚሰጉ ወላጆች፦ የደበቃችሁትን ጂን ልጃችሁ ወርሳው ከሆነ ብትዳርም አብሯት ይሄዳል። ልዩነቱ ሳታውቅ መሄዷ ነው።

ለተዝካር ዘመድ ሲሰበሰብ ትልልቆቹን ጠይቁ፦ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ምን አሞት? ጻፉት። ቤተሰብ ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ካለ የናሙና ምርመራ ውጤቱን ወረቀት አትጣሉ፤ ከሰውየው ሞት በኋላም ቢሆን ለልጆቹ ሐኪም ይጠቅማል።