ኢንሱሊን በገዛ እጁ ለሚወጋ ሕመምተኛ ስለሚገባው ትምህርትና ርዳታ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአበው ቃል ለቤተ ክህነት ተማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ መድኃኒቱን በገዛ እጁ ለሚወጋ የስኳር ሕመምተኛም ይስማማዋል። በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች የሚኖር ገበሬ ኢንሱሊኑን ይዞ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፥ ሐኪሙም አስታማሚውም እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ብልቃጡን መስጠት የርዳታው እኩሌታ ነው፤ ቀሪው እኩሌታ አወጋጉንና አጠባበቁን ማስተማር ነው።

ይህን መድኃኒት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት አገኙት። በሚከተለው ዓመት ለሞት የተቃረበ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ ሌላ 13 ዓመት ኖረ። ከዚያ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ከመሞት በቀር ተስፋ አልነበረውም። ኢንሱሊን ቢዋጥ ሆድ እንደ ምግብ ስለሚፈጨው ከቆዳ በታች በመርፌ ይሰጣል።

አወጋጉም እንዲህ ነው። ሕመምተኛው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስምና ቀን ይመለከታል። ደፍራሽ የሆነውን ኢንሱሊን በሁለት መዳፉ መካከል ቀስ አድርጎ ያንከባልለዋል እንጂ አይንጠውም። ከዚያ በታዘዘለት ልክ አየር ወደ ብልቃጡ ያስገባና፥ ብልቃጡን ዘቅዝቆ ያንኑ ልክ ይቀዳል፤ የአየር አረፋ ቢያይ ያስወጣዋል። የጠራውንና ደፍራሹን ቀላቅሎ እንዲወጋ ታዝዞ እንደ ሆነ የጠራው ይቀድማል። ሆዱን ወይም ጭኑን በጣቶቹ ቈንጥጦ ይወጋል፤ ጥቂት ቈይቶ መርፌውን ይነቅላል። አንድ ስፍራ ዘወትር ቢወጋ እየጠጠረ መድኃኒቱን ስለሚያውክ ስፍራውን ይለዋውጣል።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው በመርፌው መስመር ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለበትን ኢንሱሊን፥ ለ40 ዩኒት በተሠራ መርፌ እስከ 20 መስመር የቀዳ ሰው 20 መስሎት 50 ዩኒት ይወጋል። ይህ ስሕተት ነፍስ ያጠፋል።

አጠባበቁም ቀላል አይደለም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የተከፈተው በቀዝቃዛ ስፍራ አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። የቦረና ሰው ግን ሌሊት በደጋው ውርጭ ያድራል፥ በማግሥቱም ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ውርጭም ሐሩርም መድኃኒቱን ያበላሹታል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጣል አለበት። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ፥ በመካከላቸው አሸዋ ጨምሮ አሸዋውን በውሃ ቢያርስ ብልቃጡን ከሙቀት ይጠብቅለታል።

እዚህ ላይ የካህናት ምክር ያስፈልጋል። ተወግቶ ሳይበላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቈይ ጿሚ ላብ ያሰጥመዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ልቡናውንም ይስታል፤ ነፍሱን ሳያጣ ገና መዋጥ ሲችል ስኳር ወይም ማር ሊሰጡት ይገባል። ወደ ጠበል ሲሄድ መርፌውን የተወ ደግሞ ያስታውከዋል፥ ትንፋሹ ይከብዳል፥ በጥቂት ቀንም ሊሞት ይችላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን ምሕረት ባበሠረ ጊዜ የበለስ ጥፍጥፍም በቍስሉ ላይ አስደርጓል። ስለዚህ የንስሓ አባት ለልጁ፥ ጠበሉን ተጠመቅ መርፌህንም አትተው፥ ስለ ጾሙም ከሐኪምህ ጋራ እንምከር ቢለው የሃይማኖት ጕድለት አይሆንበትም።

የሹማምንትም ድርሻ አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴ በተያዘች ጊዜ ሆስፒታሏ ተዘርፎ ነበር፤ በደሴ መንገድ መድኃኒት የሚጠብቅ ደጋ ሁሉ የቱን ያህል በአንድ ክር እንደ ተንጠለጠለ ያን ጊዜ ታየ። ኢንሱሊን እንደ ሌላው ዕቃ ለነገ የሚባል አይደለም። መንገድ ሳይዘጋ ለወራት የሚበቃውን በጤና ጣቢያው ማከማቸት፥ መርፌውም ከብልቃጡ ጋራ የሚስማማ መሆኑን መመርመር፥ ለሕመምተኛውና ለቤተ ሰቡ በእጃቸው ሠርተው እስኪያሳዩ ድረስ ማስተማር የሹም ሥራ ነው። ብልቃጥ ሰጥቶ ትምህርቱን የነፈገ፥ በሬ ሰጥቶ ሞፈሩን እንደ ከለከለ ይቈጠራል።