አሜን ወይስ አሚን?

ቦሩ ሜዳ አንድ ቤት ውስጥ ቡናው አቦል፣ ቶና ብሎ በረካው ላይ ሲደርስ አያት ምርቃት ይጀምራሉ። ቤተሰቡ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል፤ ገሚሱ «አሜን»፣ ገሚሱ «አሚን» እያለ። አንደኛው አያት ሙስሊም፣ ሌላኛዋ ክርስቲያን የሆኑበት ቤት በወሎ ብርቅ አይደለም። ታዲያ የልጅ ልጅ ድንገት «እማማ፣ ትክክሉ የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል?

«ዝም በል» ማለት ይቀላል። ግን የተሻለ መልስ አለ።

ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። የቃሉ ሥር አ-መ-ነ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በግዕዝ ይገኛል፤ መጽናትንና መታመንን ያመለክታል። «አሜን» ማለትም «እውነት ነው፣ ይጽና» እንደ ማለት ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 27 ሕዝቡ 12 ጊዜ «አሜን» እያለ የተነገረውን ያጸናል። ቃሉ ሳይተረጎም ወደ ግሪክ፣ ከዚያም ወደ ላቲንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ተሻገረ። ሙስሊሙም ፋቲሓ ሲያበቃ «አሚን» ይላል። ማመን፣ እምነት፣ ታማኝ የምንላቸው የአማርኛ ቃላት ከዚሁ ሥር ናቸው። የዓረብኛው ኢማንና አደራ ማለት የሆነው አማናም እንዲሁ።

የሚገርመው «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ወደ ግዕዝ የገባው ከአራማይስጥ ሲሆን ሥሩ ያው አ-መ-ነ ነው።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት በዚሁ ቦሩ ሜዳ ነበር። የክርስቲያኖቹ ክርክር ለተዋሕዶ ተፈርዶ ተዘጋ። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ትእዛዙን ያልተቀበሉ ተሰደዱ፣ ሸፈቱም። ሰው ከቤቱ የተፈናቀለው ሥሩ መታመን በሆነ ቃል ስም ነበር።

ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ልዩነታቸውን ልጁ ከወላጆቹና ከመምህራኑ ይማራል። ምርቃት ላይ ግን አያቱን እንዲያርም አንፍቀድለት፤ አያቶችም የልጁን አፍ አታርሙ። ሲጠይቅ እንዲህ በሉት፦ «ሁለቱም ልክ ነው ልጄ። ቃሉ ይጽና ማለት ነው። አንተ በለመድከው በል፤ የተመረቅከው ግን አንድ ምርቃት ነው።»