የምሁሩ ቅሬታና የአገር ፍቅር፦ ከዱርቤቴ ሲታይ

«አገሬን እወዳለሁ፤ ነገር ግን ልኖርባት አልቻልኩም» የሚለው አነጋገር በተማረው ወጣት ዘንድ የዘወትር ሰላምታ ያህል ተለምዷል። አንዳንዶች ይህን የከዳተኛነት ምልክት አድርገው ያወግዙታል። ሌሎች ደግሞ በአገሩ የቀረውን ሁሉ እንደ ሞኝ ይቆጥሩታል። ሁለቱም አቋሞች ተጨባጩን ሁኔታ ሳይመረምሩ የሚሰነዘሩ በመሆናቸው ግልብ ናቸው። የተደበላለቀ ስሜት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በሰውና በሥራው ፍሬ መካከል ካለው ቅራኔ የሚመነጭ ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ መራዊንና ወተት ዓባይን አልፎ ዱርቤቴ የሚደርስ መንገደኛ በክረምት የሚያየው በቆሎና ዳጉሳ የለበሰ ሜዳ ነው። ይህን የመሰለ ለም ምድር የገዛ ልጁን ማኖር ስለምን ተሳነው? ጥያቄው የምሁሩ ብቻ አይደለም። መሬት ያልደረሰው የገበሬ ልጅም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል።

በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀው የጎጃም ገበሬ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ ሳይሆን በአብዛኛው ባለርስት ነበር። ያመፀውም አገሩን ስለጠላ ሳይሆን ርስቱን የሚነጥቁት ስለመሰለው ነው። ቅሬታና ፍቅር በአንድ ደረት ውስጥ አብረው ማደራቸው እንግዲህ የምሁራን ቅብጠት አይደለም። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማሩ። ከባሕር ማዶም ኑሯቸውን ትተው የተመለሱ ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከዚያው ትውልድ ብዙው በቀይ ሽብር አለቀ፤ ከተረፈውም በሱዳን በኩል የተሰደደው ብዙ ነው። ያን ስደተኛ «የአገር ፍቅር ያነሰው» ብሎ ለመጥራት የሚደፍር ማን ነው?

የዛሬው ቅሬታም መሠረት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሐኪሙና የመምህሩ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልተራመደም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በዚሁ የኑሮ ጥያቄ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ያስከተለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ማስተማሪያ ክፍሉ የተዘጋበትን መምህር በአገር ፍቅር ስብከት ማጽናናት አይቻልም።

ይህ ጸሐፊ ትምህርቱን በውጭ አገር ጨርሶ በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ የቀረበለት ጥያቄ «ምን ተማርክ?» የሚል ሳይሆን «ምነው ተመለስክ?» የሚል ነበር። መልስ አላዘጋጀም ነበር፤ ዛሬም አጭር መልስ የለውም።

ይሁንና ቅሬታው እውነተኛ ነው ማለት ዕዳው ተሰርዟል ማለት አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ እንዲጋራ ተደርጓል፤ የሚጋራው ግን ከፊሉን ነው። የቀረውን የሚሸከመው ሕዝብ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ዱርቤቴ ገበያ በቆሎ የሚሸጠው ገበሬ አለ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ወጣቱ ብቻ ሳይሆን ሥራውን ፍሬ ቢስ ያደረገበት አሠራርም ነው፦ ቤት የሌለበት ምደባ፣ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ፣ ቅሬታን እንደ ጠላትነት የሚመዘግብ አለቃ። ይህ ሳይታረም ሐኪሙ አንድ ቀን ይሄዳል። ያን ጊዜ ምጥ የጸናባት የአቸፈር እናት ወደ ባሕር ዳር ትወሰዳለች፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ።