መዛኙ አስቀድሞ ይመዘን

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ መደረጉ መልካም ነው። ነገር ግን በወረቀት ወይም በኮምፒዩተር የሚሰጥ ፈተና የልብን ዕውቀት እንጂ የእጅን ሙያ አይገልጥም። የሐኪምና የአዋላጅ ሙያ ደግሞ በእጅ የሚታይ ነው።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሮናልድ ሃርደን በ1975 እ.ኤ.አ. ያስታወቁት ሥርዓት ተማሪውን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እያዘዋወረ ያሠራዋል፤ ፈታኙም በተጻፈ ዝርዝር ይመዝነዋል። ዳሩ ግን አንዱ ፈታኝ ሲጨክን ሌላው በይሉኝታ የሚያሳልፍ ከሆነ ዝርዝሩ ብቻውን ምን ይጠቅማል?

አባቶቻችን ድጓን በቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕትን በዙር አባ የማስመስከርን ሥርዓት ሲያጸኑ፥ የአገሩ ሁሉ መምህር ሚዛን ወደ አንድ እንዲመለስ ረድቷል። የሕክምና ፈታኞችም እንዲሁ ከፈተናው ቀን አስቀድመው ተሰብስበው የአንዱን ተማሪ ሥራ በአንድነት ሊያዩ፥ እየብቻቸው ነጥብ ሊሰጡ፥ ልዩነታቸውንም ገልጠው ሊወያዩበትና ለማለፍ የሚበቃው ሥራ የቱ እንደ ሆነ ሊስማሙ ይገባል።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ግቢ የሚማር ወጣት ነገ በመንዝ ደጋ፥ በግሼ ወይም በመርሐ ቤቴ ይመደብ ይሆናል። በዚያ አገር ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ገደሉንና ሸለቆውን ተሻግራ ሌላ ሐኪም እስክታገኝ ጊዜ የላትም። በዚያች ሌሊት ከአዋላጁ አጠገብ ፈታኝ አይቆምም፤ ያለ አግባብ የተሰጠው ነጥብ ግን በእናቲቱ ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን ለፈተናው ዕቃ እንደሚያስቡ ሁሉ፥ ለፈታኞቹም ሥልጠና ጊዜና ገንዘብ ሊመድቡ ይገባቸዋል።