ቁልቁል የሚጐበኝ አገር

ስለ አገር ጕብኝት የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ወደ ላይ መውጣትን ያመሰግናሉ። በሂማልያ ተራሮች መካከል የሚገኘው ላዳክ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ዋና ከተማው ሌህ ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ጐብኚው ወደ ጨዋማው የፓንጎንግ ሐይቅ ለመድረስ ገና ከዚያም በላይ መውጣት አለበት። አየሩ ስለሚሳሳ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ራሱን ያመዋል፤ ትንፋሹም ያጥረዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ሰው የሚጠብቀው ጉዞ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ በወይና ደጋውና በቆላው አልፎ፣ በረሃውን አቋርጦ እስከ ባሕር ይወርዳል። ቢሻ ደግሞ ከባሕሩም በታች 155 ሜትር መውረድ ይችላል።

አማርኛ በመማር ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን «ጠለል» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የጠለለ ውሃ ማለት ረግቶ የጠራ ውሃ ማለት ነው፤ የአገሮች ከፍታና ዝቅታ የሚለካውም ከዚሁ ከረጋው የባሕር ገጽ ተነሥቶ ነው።

የሁለቱ አገሮች ተቃራኒነት በከፍታና በዝቅታ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሂማልያ ወደ ላይ የተነሣው የህንድ ምድር ከእስያ ምድር ጋር ተጋጭቶ ስለሚገፋው ነው። የጅቡቲ ምድር ደግሞ ዝቅ የሚለው የዐረብ ምድርና የአፍሪካ ምድር በየዓመቱ በጥቂቱ እየተለያዩ ስለሚሄዱ ነው። በዚያ መጋጨት፣ በዚህ መለያየት ያደረገውን ሥራ ማየት ለጐብኚ እኩል የሚያስደንቅ ይመስለናል።

ዳሩ ግን ከደጋው ወርዶ ጅቡቲ የሚገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደቡን አይቶ ይመለሳል። ነጋዴው ዕቃውን፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ደብዳቤውን፣ ሾፌሩ ተራውን ሲጠብቅ ይሰነብትና፣ አገሩ እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ «ሙቀት ብቻ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ በጣም ያሳዝነናል። ምክንያቱም በዚያ አገር ሊታይ የሚገባው ነገር አብዛኛው ለደጋ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ከራሱ አገር የወረደ ወይም ወደ ራሱ አገር የወጣ ነው።

ስለ ከተማው ብዙ አንናገርም። ጅቡቲ ፈረንሳዮች በ1880 ዓ.ም. ገደማ የቈረቈሩት ከተማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጽፈናቸዋል)። ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ በ1886 ዓ.ም. ከፈቀዱ በኋላ፣ ሐዲዱ ከዚህ ከተማ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ግን መንገደኛውን የሚያወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በናጋድ ጣቢያ ነው። በከተማው መካከል ነጫጭ ቅስት ያላቸው ቤቶች የከበቡት አደባባይ አለ። ጅቡቲ ነጻነቷን ባገኘችበት ዕለት፣ በሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ስም ተሰይሟል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የምኒልክ አደባባይ ይለዋል። ከዚያም በእግር ሲሄዱ ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ የሆነው የሐሙዲ መስጊድና አጠገቡ ያለው ገበያ ይገኛሉ። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይበቃል። በቀትር ከተማው ሁሉ ስለሚተኛ ጐብኚውም ቢተኛ ይሻለዋል።

ዋናው ነገር ከከተማው ወጥቶ ወደ አሰል ሐይቅ መሄድ ነው። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በማለዳ የተነሣ ሰው በዕለቱ ደርሶ ይመለሳል። መኪናው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተነጠፈበት አገር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በስተቀኝ ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይታያል፤ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ከፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር የነጣ ነገር ይመጣል። ይህን ያየ የደጋ ሰው በረዶ የጣለ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ጨው ነው።

የአሰል ሐይቅ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ሥፍራ ነው። ውሃው የባሕር ውሃ ሲሆን፣ ከጉቤት ወሽመጥ ተነሥቶ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ ከምድር በታች እየሰረገ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን መውጫ የለውም፤ ፀሐይዋ ታተነዋለች። ውሃው ወደ ሰማይ ሲሄድ ጨዉ ይቀራል። እንዲህ እየሆነ ብዙ ሺህ ዓመታት ስላለፉ፣ ዛሬ የሐይቁ ጨዋማነት ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ዋና የማያውቅ ሰው እንኳ ቢገባበት ውሃው አንሳፎ ይይዘዋል እንጂ አያሰምጠውም። ልጆች ይዘው ለሚሄዱ እናቶች ግን ሁለት ነገር እንመክራለን። የጨዉ ድንጋይ እንደ ጠርሙስ ስብራት ስለሚቈርጥ ባዶ እግር መግባት አይገባም። ውሃው ዐይን ውስጥ ከገባ ደግሞ እጅግ ያቃጥላልና መታጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውሃ በጀሪካን መያዝ ያስፈልጋል።

በሐይቁና በጉቤት መካከል አርዱኮባ የሚባል ትንሽ እሳተ ገሞራ አለ። በ1971 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ምድሪቱ ተንቀጥቅጣ ተሰነጠቀችና እሳት ወጣ። እሳቱ የቈየው አንድ ሳምንት ያህል ነው። በዚያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ግን የስንጥቁ ሁለት ወገን ከአንድ ሜትር በላይ ተራራቀ። መጻሕፍት ስለ ምድር መለያየት የሚናገሩትን ነገር ሰው በእግሩ ሄዶ በዐይኑ ሊያየው ከሚችልባቸው ጥቂት የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ይህ ነው።

ጨዉን ስናነሣ ከደጋው ጋር ያለውን ዝምድና ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በጥንት ዘመን በሰሜን በኩል እንደ ገንዘብ ይሠራበት የነበረው አሞሌ የሚቈረጠው ከሌላው የአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው። ከአሰል የሚገኘው ግን ልቅ ጨው፣ ማለት አሸቦ ነው። አፋሮች በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው ያመጡትና በእህልና በሌላም ነገር ይለውጡት ነበር። ከታጁራ ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድም በዚሁ ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። እንግሊዛዊው መኰንን ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተልኮ ሲመጣ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። የፈረንሳዩ ባለ ቅኔ ራምቦም በ1878 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ በታጁራ ከርሞ፣ በተከታዩ ዓመት ጕዞውን ጀመረ። ዛሬ በሐይቁ ዳር የሚቀመጡት ሻጮች ክብ ክብ የጨው ድንጋይና ጨው የለበሰ የፍየል ራስ ቅል ለጐብኚ ያቀርባሉ። ዋጋውን መከራከር ልማድ ነው፤ ግን በዚያ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የሚውልን ሰው አብዝቶ መከራከር ደግ አይመስለንም።

በዚህ መንገድ ላይ የጕብኝት መጻሕፍት የማያነሡት፣ የሚያልፍ ሁሉ ግን የሚያየው ሌላ ነገር አለ። በመንገዱ ዳር በሁለት በሦስት ሆነው፣ አንዳንድ ጊዜም በብዛት፣ የውሃ ጀሪካን ይዘው ወደ ሰሜን በእግር የሚጓዙ ወጣቶች ይታያሉ። አብዛኛዎቹ የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው። ከአሰል አልፈው በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን፣ ከተሳካላቸውም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ይሄዳሉ። በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ በዚህ ያልፋሉ። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ወር ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በኦቦክ ባሕር ዳርቻ ሰጥመው ብዙ ሰዎች ሞተዋል። በዚያ በኩል ያለው የባሕር በር ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ ትርጓሜውም የእንባ በር ማለት ነው።

እነዚህን ወጣቶች በፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው ብለን እናምናለን። ውሃ መስጠት ግን ይቻላል። ስለዚህ ወደ አሰል የሚሄድ ሰው ለቤተ ሰቡ ከሚበቃው በላይ ውሃ ይጫን፤ መኪናውንም አቁሞ «እንደምን ዋልክ ወንድሜ፣ እንደምን ዋልሽ እኅቴ» ብሎ በአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ይስጣቸው። አማርኛ የሚማር ሹም ይህን ሰላምታ ከብዙ የጽሕፈት ቤት ቃላት አስቀድሞ ቢያጠናው መልካም ነው። መንገዱን አስቦ ያልተነሣ ካለ፣ ስለ ባሕሩ እውነቱን ከአገሩ ሰው አፍ መስማቱ አይጐዳውም።

ከአሰል በኋላ መንገዱን የሚቀጥል ሰው ታጁራ ይደርሳል። ጥንታዊ የሱልጣን ከተማ ነው፤ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች በባሕሩ ዳር ተሰልፈው ይታያሉ። በወሽመጡ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ዌል ሻርክ የሚባለው ታላቅ ዓሣ ይመጣል። ስሙ ቢያስፈራም የሚበላው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ነው እንጂ ሰውን አይነካም። መዋኘት የሚችሉ ሰዎች በአጠገቡ ይዋኛሉ፤ የማይችሉት ከጀልባው ላይ ቢያዩት ይበቃል።

ከታጁራ በስተ ምዕራብ በጎዳ ተራራ ላይ ያለውን የዴይ ደን ግን ማንም የደጋ ሰው እንዲያልፈው አንፈልግም። መንገዱ ቀጥ ያለ አቀበት ስለ ሆነ ጠንካራ መኪና ያስፈልጋል። 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይመጣል፤ በበረሃው መካከል ሳያስበው ጥድ ያያል። ይህ ጥድ በኢትዮጵያ ደጋ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቆመው የሐበሻ ጥድ ራሱ ነው። የአየሩ ጠባይ ከዛሬ ይልቅ ርጥብ በነበረበት ጊዜ ደኑ ሰፊ ነበረ፤ በረሃው እየገፋ ሲሄድ በተራራው ራስ ላይ ብቻ ቀረ። አሁን ደግሞ በዚያም እየደረቀ ነው። ከጥዶቹ አብዛኛዎቹ እንደ ቆሙ ሞተዋል፤ ግራጫ ግንዳቸውና ቅርንጫፋቸው ብቻ ይታያል። የዝናብ ማነስ፣ የከብቶች ብዛትና የማገዶ ቈረጣ አንድ ላይ ሆነው ጐድተውታል። በዚህና በአቅራቢያው ባለው በማብላ ተራራ ብቻ፣ በዓለም በሌላ ሥፍራ በማይገኝ ሁኔታ፣ የጅቡቲ ቆቅ የምትባል ወፍ ትኖራለች። ጥዱ ሲጠፋ እርሷም ልትጠፋ ተቃርባለች። በማለዳ ድምፅዋን የሰማ ሰው ዕድለኛ ነው። ከዚህ ደን እሳት ማንደጃ አንዲት ጭራሮ እንኳ ማንሣት አይገባም፤ ልጆችም ይህን ቢነገራቸው ደስ ይለናል።

ጊዜውንም አስቀድመን ማስታወቅ አለብን። በደጋው ክረምት የሆነው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወራት ስለ ሆነ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ቤተ ሰብ ይዘው ለመሄድ የሚያስቡት ያን ጊዜ ነው። በጅቡቲ ግን ይህ ወራት ሐሩሩ የሚከፋበት፣ ኸምሲን የሚባለው አሸዋ አዘል ነፋስ የሚነፍስበት፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው። መልካሙ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው።

የመጨረሻው የአቤ ሐይቅ ነው፤ በጅቡቲና በኢትዮጵያ ወሰን ላይ ይገኛል። የሚሄዱበት መንገድ ጠረጴዛ የሚመስለውን የግራን ባራን ሜዳ አቋርጦ በዲኪል ከተማ በኩል ያልፋል። በሐይቁ ዳር የኖራ ድንጋይ ዓምዶች በመቶ የሚቈጠሩ ቆመዋል፤ ከፍ ያሉት 50 ሜትር ያህል ይደርሳሉ። ቀድሞ ውሃው ሰፊና ጥልቅ በነበረ ጊዜ ፍል ውሃው ከታች እየመነጨ የሠራቸው ናቸው፤ ዛሬም ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ሲወጣ ይታያል።

ነገር ግን ይህ ሐይቅ የማን ውሃ ነው? የአዋሽ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ የሚነሣው ወንዝ፣ በ1952 ዓ.ም. በተሠራው በቆቃ ግድብ አልፎ፣ ወንጂንና መተሐራን አጠጥቶ፣ የአፋርን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከላይ ለሸንኮራውና ለጥጡ ውሃው በተቀዳ ቍጥር ከታች ሐይቁ ይሸሻል፤ ዓምዶቹም ከውሃው ርቀው በደረቅ መሬት ላይ ይቀራሉ። የእርሻ ሥራ አይሁን ማለታችን አይደለም፤ አገር ስኳርም እህልም ያስፈልገዋል። ስለ አዋሽ ውሃ አጠቃቀም በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚወስን ሹም ግን ወንዙን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ቢያየው፣ በፊርማው የሚሰጠውና የሚከለክለው ውሃ የት እንደሚደርስ ያውቃል።

ወደ አቤ የሚሄዱ ሰዎች መሪ ከዲኪል ቢይዙ ይሻላል፤ ጭቃው ላዩ ደረቅ መስሎ መኪና ይውጣል። ማታ ደርሶ በአፋሮች የሰሌን ጎጆ ማደር የተለመደ ነው። ብርድ ልብስ አይርሱ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ተነሥቶ ወደ ዓምዶቹ የሄደ ሰው እንፋሎቱን በደንብ ያያል፤ ቀይ እግር ያላቸው ፍላሚንጎዎችም በዚያው ሰዓት ከሐይቁ ዳር ይገኛሉ።