ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ ለእህቴ ልጅ የማብሰያ ቴርሞሜትር ይዤላት ሄድኩ። ውሃ ጥደን ሲንተከተክ ብትለካው 92 ገደማ ላይ ቆመ። “ጋሼ፣ ተበላሽቷል! ውሃ እኮ የሚፈላው በ100 ነው” አለችኝ። መጽሐፉን እንጂ ዓይኗን አላመነችም።

እኔም እንደሷ ሸምድጄ ማርክ አግኝቼበታለሁ። 100 ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ከላያችን ያለው አየር ውሃውን ይጫነዋል። እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስንል አየሩ ስለሚሳሳ ጫናው ይቀንሳል፤ ውሃውም 100 ሳይደርስ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከርም የሚያደርገው እንፋሎቱን አፍኖ ጫናውን መጨመር ነው። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ እዚያ ከ100 ትንሽ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በአማርኛ፣ ማድቤት ውስጥ፣ በ10 ደቂቃ ይገባል። ለክቶ ያገኘውን ትቶ የተነገረውን የሚጽፍ ልጅ ግን የተማረው ሳይንስ ሳይሆን ድግምት ነው። እኛ ዲያስፖራዎቹ ደግሞ የሚቀናን ታብሌት መላክ ነው። ዘንድሮ ወደ አገር ቤት የምትሄዱ፣ ታብሌቱ ይቆይና ቴርሞሜትር ያዙላቸው፤ ርካሽ ነው። የትኩሳቱን እንዳትገዙ ብቻ፣ እሱ 42 አካባቢ ያበቃል።