በስህተት የተመለሰ ገንዘብ፦ «ሲሳይ» ነው ወይስ ዕዳ?

መቱ ከተማ ከሚገኝ አንድ የቤት ዕቃ መደብር በ1,200 ብር የሻይ ፔርሙዝ ገዝቼ ነበር። ማታ የሞላሁት ሻይ ጠዋት ቀዝቅዞ አገኘሁትና በማግሥቱ ይዤው ተመለስኩ። በገንዘብ መቀበያው ሳጥን ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ቢሆንም ባለሱቁ ፔርሙዙን አገላብጠው አዩና ሻጯን «ገንዘቡን መልሽለት» ብለው አዘዟት። ልጅቷ ባለ 200 ብር ኖቶች ቆጥራ ሰጠችኝ። እኔም ሳልቆጥር ኪሴ ከተትኩት።

ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳወጣው ኖቱ 6 መሆኑ ቀርቶ 7 ሆኖ ተገኘ። አዲስ ብር እርስ በርሱ ይጣበቃል። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ሳቅ አለና «ሲሳይህ ነው፤ እንግዲህ የሻዩን ሒሳብ አንተ ትከፍላለህ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልተነሣሁም። ሻዬን እየጠጣሁ ማስላት ያዝኩ። ስህተቱ የእኔ አይደለም። አልሰረቅሁም፣ አልዋሸሁም። ደግሞስ ለማይረባ ፔርሙዝ ሁለት ቀን አመላልሰውኝ የለ! ሰው የሌላውን ገንዘብ ማስቀረት ሲፈልግ ምክንያት አያጣም። የዛሬው ጽሑፌ እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይመለከታል።

«ስለ 200 ብር ይህን ያህል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንግዲያው ቁጥሩን ከፍ እናድርገው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በገጠመው ብልሽት ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በስልክ ተዛመተ፤ በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ሰልፍ ሆነ። በኋላ በተሰጠው መግለጫ መሠረት ያላግባብ የተወሰደው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቁ፤ ገንዘቡን በፈቃዱ የሚመልስ ሰውም በወንጀል እንደማይጠየቅ ተገለጸ። ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የትምህርት ተቋማት ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ጥሪ አቀረቡ።

በሁለት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ 622 ሚሊዮን ብር ያህል ተመለሰ። 9,281 ሰዎች የወሰዱትን ሙሉ በሙሉ፣ 5,160 ሰዎች ደግሞ በከፊል መለሱ። ምንም ያልመለሱት 567 ነበሩ። ባንኩ የእነዚህን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ ደረሰ።

ከእነዚያ መላሾች ስንቱ በሕሊናው፣ ስንቱስ በፍርሃት መለሰ? ይህን የሚያውቀው እያንዳንዱ ራሱ ነው። ባንክ ስም አለው፣ የሒሳብ ቁጥር አለው፣ የሰዓትና የደቂቃ መዝገብ አለው። የመቱዋ ሻጭ ግን ይህ ሁሉ የላትም። ሰባተኛዋን ኖት ለማን እንደሰጠች አታውቅም። ስለዚህ ለሕሊና ከባዱ ፈተና የሚሊዮኖቹ ሳይሆን ማንም የማይደርስበት የ200 ብሩ ነው።

አንደኛው ምክንያት «አልሰረቅሁም» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ኖቷ እጄ ስትገባ አልሰረቅሁም። ካወቅሁ በኋላ ማስቀረቴ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2162 ጀምሮ ያላግባብ ስለ መበልጸግ ይደነግጋል። በቂ ምክንያት ሳይኖረው በሌላ ሰው ሀብት የተጠቀመ ሰው ባለሀብቱን መካስ አለበት። አንቀጽ 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ሕጉ መነሻ የሚያደርገው ገንዘቡ በእኔ እጅ የሚቆይበት ምክንያት መኖር አለመኖሩን ነው፤ በተንኮል ወሰድኩት ወይስ በአጋጣሚ ደረሰኝ የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። ፔርሙዙን መልሻለሁ፤ 1,200 ብሬን ተቀብያለሁ። ሰባተኛዋ ኖት በምን ሒሳብ የእኔ ትሆናለች?

ሁለተኛው «እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚለው ነው። ይህን ኢኮኖሚክስ የተማረ ቀርቶ ሱቅ የጠበቀ ሁሉ ያፈርሰዋል። ባለሱቁ ከ100 ብር ሽያጭ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 5 ብር ይተርፈዋል እንበል። የጠፋችውን 200 ብር ለመተካት የ4,000 ብር ዕቃ መሸጥ አለበት ማለት ነው። ያውም ጉድለቱን የሚሸፍነው እሱ ከሆነ ነው። ገንዘቡን ልመልስ በሄድኩ ጊዜ ልጅቷ ኖቷን ተቀብላ መጀመሪያ ያለችኝ «ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ከእኔ ነበር የሚቆረጠው፣ ወንድሜ» የሚል ነው። እኔ ሻይ ቤት ተቀምጬ ከባለሱቁ ጋር ስሟገት ሒሳቡ ለካ የእሷ ኖሯል!

በንግድ ባንኩም ጉዳይ ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ባንኩ የመንግሥት ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ሀብት ነው ማለት ነው። ቡናውን ሽጦ ገንዘቡን እዚያ ያኖረው የያዮና የሁሩሙ ገበሬም የባንኩ አንድ አካል ነው። «ትልቅ ነው፤ አይጎዳም» የሚባል ድርጅት ሁሉ ውስጡ ሲታይ ብዙ ትናንሽ ሰዎች አሉበት።

ሦስተኛው «ስህተቱ የእነሱ ነው፤ ይጠንቀቁ» የሚለው ነው። ይህ ክርክር በሰለጠነው ዓለምም ተሞክሯል። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ሲቲባንክ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ለሬቭሎን ኩባንያ አበዳሪዎች 8 ሚሊዮን ዶላር የማይሞላ ወለድ ሊልክ አስቦ 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል ላከ። አንዳንዶቹ መለሱ፤ 500 ሚሊዮን ያህሉን የያዙት ግን «የሚገባን ዕዳ ነው የተከፈለን» ብለው እንቢ አሉ። በ2021 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ፤ በ2022 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ልብ በሉ፣ እነዚያ ሰዎች ቀኑ አልደረሰም እንጂ በእርግጥም ያበደሩት ገንዘብ ነበራቸው። እንደዚያም ሆኖ በመጨረሻ አልጸናላቸውም። የሰባተኛዋ ኖት ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ግን ያበደረው ምንም የለም።

ይህ ጉዳይ ለኢሉባቦር ከተሞች ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ባንክ በየከተማው ባልነበረበት ዘመን ከጎሬ ተነሥቶ በበቅሎ እስከ ጋምቤላ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ የነበረው የቡና ንግድ በአደራ ላይ የቆመ ነበር። ዛሬም ቡና ሲደርስ አቅራቢው ለሰብሳቢው ገንዘብ የሚያስይዘው በአብዛኛው በቃልና በመተዋወቅ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኬኔት አሮው ማንኛውም ግብይት በውስጡ የመተማመን ድርሻ እንዳለው ጽፏል። የእኛ ሰው ደግሞ ነገሩን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ አሳጥሮታል። መተማመን ሲጠፋ ዋስ ይጠራል፣ ውል ይጻፋል፣ ሁለተኛ ቆጣሪ ይቀጠራል። የዚህ ሁሉ ወጪ የሚያርፈው ከገበሬው የቡና ዋጋና ከሸማቹ ኪስ ላይ ነው።

ነገር ግን ሚዛኑ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ የለጠፈ ነጋዴ፣ የእሱ ብር በስህተት ሲወጣ «ይመለስልኝ» ለማለት አፉን ሞልቶ የሚናገረው እንዴት ነው? ማሽኑ ገንዘብ ሳይሰጠው ከሒሳቡ የተቀነሰበት ደንበኛ ስንት ቀን ይመላለሳል? ባንኮች የእነሱ ገንዘብ ሲወጣ በቀናት ውስጥ የሰው ፎቶግራፍ መለጠፍ ከቻሉ፣ የደንበኛውን ገንዘብ ለመመለስም ያንኑ ፍጥነት ማሳየት አለባቸው። በበኩሌ፣ ፍርድ ቤት ሳይናገር የሰውን መልክ በአደባባይ መለጠፉንም አልደግፍም። ይህ ሁሉ ግን ነጋዴውንና ባንኩን የምንወቅስበት ነው እንጂ የሰውን ገንዘብ የምናስቀርበት ፈቃድ አይሆነንም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ነጋዴው የሚመልሰውን ገንዘብ ደንበኛው ፊት ጮክ ብሎ ይቁጠር፤ ደንበኛውም ከመደርደሪያው ሳይርቅ ደግሞ ይቁጠር። ደረሰኝ ይሰጥ፤ ይያዝ። በሠራተኛዋ እጅ በቅን ልቦና የሚፈጠር ጉድለት በሙሉ በእሷ ደመወዝ ላይ አይጫን። በቴሌብር ወይም በባንክ የማናውቀው ገንዘብ ከደረሰን አናውጣው። «በስህተት ልኬ ነው፤ መልስልኝ» ብሎ ለሚደውል ሰውም ቸኩለን አንላክ፤ የሐሰት መልእክት ልኮ የሚያጭበረብር አለና። ቀሪ ሒሳባችንን አይተን ጉዳዩን በተቋሙ በኩል እንጨርስ።

ወዳጄ ስመለስ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቆይቶኝ ነበር። «ሞኝ ነህ» አለኝ። የሻዩን ሒሳብ ግን እሱ ከፍሏል። ቀሪውን አስተናጋጇ ስታመጣለት ሁለት ጊዜ ሲቆጥር አየሁት። ጎድሎ እንደሆነ ለማወቅ ነው የቆጠረው። ተርፎ ቢገኝ ምን ያደርግ እንደነበር አልጠየቅሁትም፤ እናንተም፣ አንባቢዎች፣ ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ እንጂ ለእኔ አትመልሱ።